አሮጌ መኪና፣ የጊቤ ዳገት እና አንዲት ትንሽ ኮንደንሰር

ከጊቤ በረሃ ወደ አበልቲ የሚወጣው ዳገት ላይ መኪናዬ ድርግም ብላ ጠፋች። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው (ማስነሻው) ይሽከረከራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ትንሽ ቆይቶ አንድ አይሱዙ ከኋላዬ ቆመ። ረዳቱ ዘሎ ወረደና «ጋሼ፣ ምን ሆና ነው?» አለኝ።

«እሳት የላትም መሰለኝ።»

ሾፌሩ በመስኮት ብቅ አለ። «ጋሼ፣ የእኛ እኮ ናፍጣ ነው። ካንዴላም የለን፣ ፑንቲናም የለን። ውሃ ከፈለጉ ግን አለ።»

ውሃውን ተቀብዬ አመሰገንኳቸው። ያን ቀን ከዚያ ያወጣችኝ ከወንበር ሥር በጣሳ ያስቀመጥኳት አሮጌ ኮንደንሰር ናት። አውራ ጣት የማታክል ዕቃ ናት፤ እንደ ካንዴላና ፑንቲና ሁሉ ሞተሩን የሚለኩሰውን ብልጭታ ለመፍጠር ከሚያግዙት አንዷ ናት። ከዚያ ወዲህ ጅማ ውስጥ አሮጌ መኪና የሚነዱ ወዳጆቼ «ምን ምን ይዘህ ነው የምትወጣው?» እያሉ ይጠይቁኛል። መልሱ ረዘም ስለሚል እዚህ ላስረዳ።

ይህ ጉዳይ አሁን ለምን ይነሳል?

አሮጌ መኪኖች ከእኛ ጋር ብዙ ዓመት ስለሚቆዩ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከበድ ያለ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አሳወቀ። ስለዚህ ላዳ፣ ቮልስ፣ ዲኤክስ ወይም አሮጌ ፔጆ ያለው ሰው መኪናውን እየጠገነ ይነዳል።

ችግሩ ግን መንገዱ ተለውጧል። ድሮ መኪና ሲበላሽብህ የሚቆምልህ ሰው መኪና የአንተኑ ዓይነት ነበር። ከእሱ ላይ አንድ ካንዴላ ወይም ፑንቲና ይገኛል። ዛሬ ከጅማ እስከ ወልቂጤ የሚያልፈው በአብዛኛው የናፍጣ መኪና ነው። ቤንዚን የሚጠቀመውም ቢሆን በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሞተር ነው፣ ፑንቲና የሚባል ነገር የለውም። በየከተማው ያለው የዕቃ መደብርም በብዛት የሚይዘው የባጃጅና የሞተር ሳይክል ዕቃ ነው። ሰው ደግ ሆኖ ይቆምላችኋል፤ የሚሰጣችሁ ዕቃ ግን የለውም። ይዛችሁ ካልወጣችሁ አታገኙትም።

«እሳት የለውም» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

የቤንዚን ሞተር ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ አየር፣ ቤንዚን እና እሳት። አየሩና ቤንዚኑ ካርቡራተር ውስጥ ተቀላቅለው ወደ ሲሊንደር ይገባሉ። ፒስተኑ ይጨምቃቸዋል። ልክ በሰዓቱ አንድ ብልጭታ ይለኩሳቸዋል። መካኒኮች እሳት የሚሉት ይህን ብልጭታ ነው። የሚወጣው ከካንዴላ ጫፍ ላይ ነው።

ናፍጣ ብልጭታ አያስፈልገውም። ሞተሩ አየሩን በኃይል ሲጨምቀው አየሩ በጣም ይግላል፣ ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። የአይሱዙው ሾፌር ያለኝም ይህንኑ ነው።

ከባትሪው 12 ቮልት እንዴት ብልጭታ ይወጣል?

ይህን የተረዳ ሰው ብልሽቱንም በቀላሉ ያገኘዋል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

12 ቮልት በካንዴላው ጫፍ ያለውን ክፍተት መዝለል አይችልም። ለመዝለል 20 ሺህ ቮልት ገደማ ያስፈልጋል። ይህን የሚሠራው ቦቢና ነው፤ ኮይል የሚሉትም አሉ። ውስጡ በብረት ላይ የተጠመጠሙ ሁለት ሽቦዎች አሉ። አንዱ ወፍራም ሆኖ ዙሩ ጥቂት ነው፣ ሌላው እንደ ፀጉር የቀጠነና በሺዎች ጊዜ የዞረ ነው።

የቧንቧ ውሃ በኃይል እየፈሰሰ በድንገት ስትዘጉት ቧንቧው «ደፍ» ብሎ ሲመታ ሰምታችኋል? ቦቢናም እንደዚያ ነው። የባትሪው ኤሌክትሪክ በወፍራሙ ሽቦ እየሄደ ሳለ በድንገት ሲቋረጥ ትልቅ ምት ይፈጠራል። ያ ምት በቀጭኑ ሽቦ በኩል በሺዎች ቮልት ሆኖ ይወጣል። እሳቱ የሚመጣው ኤሌክትሪኩ ሲሄድ ሳይሆን ሲቋረጥ ነው።

የሚያቋርጠው ፑንቲና ነው። ሁለት ትናንሽ የብረት ጫፎች ናቸው፤ ይገናኛሉ፣ ይለያያሉ። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር ፑንቲናው በሴኮንድ 100 ጊዜ ይከፈታል። ይህን ያህል የሚሠራ ዕቃ ቢያልቅ አይፈረድበትም።

ኮንደንሰሩስ? ክረምት ላይ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ባልዲ እናስቀምጣለን አይደል? ባልዲው ከሌለ የሚወርደው ውሃ መሬቱን ይቆፍረዋል። ፑንቲናው ሲከፈትም ኤሌክትሪኩ በአንዴ መቆም ስለማይችል ክፍተቱን ዘሎ ጫፎቹን ያቃጥላል። ኮንደንሰሩ ያን ትርፍ ይቀበለዋል። እሱ ሲበላሽ ፑንቲናው ይቃጠላል፣ መቋረጡም ድንገተኛ አይሆንም። ብልጭታው ይደክማል ወይም ጭራሽ ይጠፋል።

የመጨረሻው ዲስትሪቡተር ነው፤ አዳይ ማለት ነው። ቡና ስትቀዳ የቤቱ ልጅ ሰው በተቀመጠበት ተራ አትሰጥም። መጀመሪያ ለአያት፣ ቀጥሎ ለአባት፣ ከዳር ወደ ዳር እየተሻገረች በዕድሜ ታድላለች። ዲስትሪቡተርም እንዲሁ ነው። በላዳና በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች የሲሊንደሮቹ ቅደም ተከተል 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው። ቮልስ ላይ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው። ውስጡ የሚዞረው ሮተር እሳቱን ከመሐል ተቀብሎ በክዳኑ ዙሪያ ላሉት አራት ገመዶች በየተራ ይሰጣል። ገመድ ያቀያየረ ሰው ሞተሩ ሲተኩስበት የሚሰማው ተራው ስለተዛባ ነው።

ለምን ጊቤ ላይ? ለምንስ ክረምት ላይ?

እሳት ሁለት ጠላቶች አሉት፤ ሙቀትና እርጥበት። የእኛ አካባቢ ሁለቱም አሉት።

ወደ ጊቤም ሆነ በቦንጋ መስመር ወደ ጎጀብ ስትወርዱ አየሩ ይሞቃል። ከዚያ ረጅም ዳገት ይመጣል፣ ሞተሩም ሥራ ይበዛበታል። ያረጀ ቦቢና ወይም ኮንደንሰር ሲግል ውስጡ ይነካካና ሥራ ያቆማል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይመለሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ግማሽ ሰዓት ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ መኪናው ይነሳል፣ «ተስተካከለች» ብሎ ይሄዳል። ሲግል እንደገና ይቆማል። ሲቀዘቅዝ ተነስቶ ሲግል የሚጠፋ መኪና ምልክት እየሰጠ ነው።

ዝናቡን ጅማ ላለ ሰው መንገር አያስፈልግም። ከተማዋ በዓመት በአማካይ 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች። 20 ሺህ ቮልት ሁልጊዜ ቀላሉን መንገድ ይፈልጋል። የዲስትሪቡተሩ ክዳን ከረጠበ በካንዴላው በኩል መዝለሉን ትቶ በእርጥበቱ ላይ ተንሸራቶ ያመልጣል። ጠዋት ጭጋግ ላይ አልነሳ ያለ፣ ወይም ከላቫጆ ወጥቶ በር ላይ የቆመ መኪና ብዙ ጊዜ ሌላ ሕመም የለበትም። ክዳኑን አውጥታችሁ ውስጡንም ውጪውንም በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ከውስጥ በእርሳስ የተሳለ የመሰለ ቀጭን ጥቁር መስመር ካያችሁ ግን ክዳኑ ተሰንጥቋል፤ መቀየር አለበት።

እና ምን ልያዝ?

ሁለት ነገር ብቻ ያዝ ብትሉኝ ፑንቲናና ኮንደንሰር እላለሁ። ርካሽና ቀላል ናቸው፣ ቦታም አይዙም፣ ሳይናገሩ የሚሞቱትም እነሱ ናቸው። ቀጥሎ ሮተር፣ ቀጥሎ አንድ የካንዴላ ገመድ። ገመዱ እስከ ሩቁ ሲሊንደር የሚደርስ ይሁን፤ ረጅሙ የአጭሩን ሥራ ይሠራል፣ አጭሩ የረጅሙን አይሠራም። ከዚያ ሁለት ወይም አራት ካንዴላ፣ ጥቂት ፊውዝ። ከከተማ ርቃችሁ የምትሄዱ ከሆነ ክዳንና ቦቢናም ጨምሩ። ቦቢና ከበድ ይላል፣ ግን እሱ ሲሄድ በጥገና የሚመለስ ነገር የለም።

አሁን ከሁሉም በላይ የምለምናችሁን ልንገራችሁ። አዲሱን ዕቃ መኪናው ላይ ግጠሙት፣ ሲሠራ የነበረውን አሮጌውን መለዋወጫ አድርጋችሁ ያዙ። ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። አዲሱን በካርቶኑ ያስቀምጣል። መንገድ ላይ ሲከፍተው የፑንቲናው ቀዳዳ ከቦታው አይገጥምም፣ ሮተሩ አንድ ሚሊ ሜትር ያጥራል፣ ኮንደንሰሩ ከካርቶኑ የሞተ ሆኖ ይወጣል። በተለይ ኮንደንሰር ላይ ይህ ብዙ ያጋጥማል። በደህና ጊዜ፣ ግቢያችሁ ውስጥ፣ አዲሱን ገጥማችሁ አንድ ሳምንት ንዱት። ከሠራ፣ የወረደው አሮጌ ዕቃ ለመኪናችሁ ልክ መሆኑ በተግባር የታወቀ ነው። ያለቀውን ሳይሆን ገና የሚሠራውን ማለቴ ነው።

ሥራውን ቀድማችሁ ስትሠሩትም እጃችሁ ይለምዳል። ፑንቲና ለመጀመሪያ ጊዜ አበልቲ ዳገት ላይ መማር ከባድ ነው።

መሣሪያስ?

የካንዴላ መፍቻ፣ አንድ ትንሽና አንድ ትልቅ ካቻቢቴ፣ እጀታው ፕላስቲክ የለበሰ ፒንሳ። ለላዳ 8፣ 10 እና 13 ቁጥር መፍቻ፣ ለቶዮታ 10፣ 12 እና 14። ጥቂት ሜትር ሽቦ፣ ናስትሮ፣ ደረቅ ጨርቅ፣ ቀጭን ብርጭቆ ወረቀት፣ በግንባር የሚታሰር መብራት። ስልክ በአፍ ይዞ መሥራት አይቻልም።

አንድ ነገር ደግሞ በጥቂት ብር አሠሩ። የ12 ቮልት ትንሽ አምፖል ላይ ሁለት ሽቦ ማስበየድ ነው። ይህቺ መብራት ውድ ቴስተር የሚሠራውን አብዛኛውን ሥራ ትሠራለች።

የፑንቲና ክፍተት መለኪያ ቀጫጭን ብረቶችም ያስፈልጋሉ። ክፍተቱ በብዙ መኪኖች 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ የእናንተን ትክክለኛ ቁጥር ጠይቃችሁ ጣሳው ላይ ጻፉት። ለካንዴላ ግን ኪሳችሁ ውስጥ መለኪያ አለ። የኤቲኤም ካርድ ውፍረት 0.76 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለብዙ አሮጌ መኪና ካንዴላ በቂ ግምት ይሰጣል። ለፑንቲና ግን ወፍራም ነው፤ በእሱ አትለኩ።

የፑንቲናዋ ብሎን የሩዝ ፍሬ ታክላለች። ከወደቀች ዲስትሪቡተሩ ውስጥ ትገባለች ወይም ሣር ውስጥ ትጠፋለች። ጫፉ ማግኔት የሆነ ካቻቢቴ ያዙ፣ ከሥር ጨርቅ አንጥፉ፣ አንድ ትርፍ ብሎንም ጣሳው ውስጥ ይኑር። ይህን የምለው ሁለት ሰዓት ሣር ስለበረበርኩ ነው።

መንገድ ላይ ከቆመችብኝ ከየት ልጀምር?

መጀመሪያ ራሳችሁን አድኑ። ከተቻለ ከአስፋልቱ አውጧት፤ ከኩርባ ወዲያ ከሆናችሁ ባለ ሦስት ማዕዘኑን ምልክት ርቃችሁ አስቀምጡ። ድንጋይና ቅርንጫፍ ከደረደራችሁ ስትሄዱ አንሱት። ያ ድንጋይ ማታ የሚያልፍን ሞተረኛ ይገድላል።

ከዚያ እንዴት እንደቆመች አስታውሱ። መብራት እንደጠፋ ድርግም ካለች አብዛኛውን ጊዜ እሳት ነው። እየደከመች፣ እየተንገዳገደች ከቆመች ቤንዚን ይሆናል። ፍጹም ሕግ አይደለም፣ ግን መነሻ ይሆናል።

ኮፈኑን ክፈቱና ምንም ሳትፈቱ እዩ። የወለቀ ገመድ፣ የተበጠሰ ሽቦ፣ የረጠበ ክዳን። ብዙ ብልሽት እዚህ ላይ ያልቃል።

ካልሆነ እሳቱን ፈትሹ። ከቦቢናው የሚመጣውን የመሐል ገመድ ከክዳኑ ንቀሉ። ጫፉን በፒንሳ ይዛችሁ ከሞተሩ ብረት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አርቁ፣ ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር። በእጃችሁ አትያዙት። ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ጭራሽ አትሞክሩት። ልቡ ላይ ምት የሚቆጣጠር መሣሪያ የተገጠመለት ሰውም አይቅረብ።

ሰማያዊ፣ ጠንካራ፣ «ጣ ጣ» የሚል ብልጭታ ካያችሁ ቦቢናው፣ ፑንቲናውና ኮንደንሰሩ ደህና ናቸው። ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው፤ ክዳኑን፣ ሮተሩን፣ ገመዶቹንና ካንዴላውን እዩ። ገመድ ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱ። የወጣው ካንዴላ ጫፉ ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል። በቤንዚን ከረጠበ እሳት አልደረሰውም ወይም ቤንዚን ሞልቶበታል።

ብልጭታው ቢጫና ደካማ ከሆነ ኮንደንሰሩን ጠርጥሩ። ጭራሽ ከሌለ አምፖሏን አውጡ። አንዱን ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር አገናኙ፣ ሌላውን ደግሞ ከቁልፍ በሚመጣው የቦቢና ጫፍ ላይ አድርጉ። ቁልፉ ሲከፈት መብራት አለባት። ካልበራች ኤሌክትሪክ አይደርስም፤ ፊውዙን እዩ። ፊውዙ ደህና ከሆነ ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ሽቦ በቀጥታ ወደዚያ ጫፍ መውሰድ እስከ ቀጣዩ ከተማ ያደርሳል። ያኔ ሞተሩ በቁልፍ አይጠፋም፣ ሽቦውን በመንቀል ነው የሚጠፋው።

አምፖሏ ከበራች ወደ ሌላው የቦቢና ጫፍ፣ ፑንቲናው ወዳለበት አዙሯትና ሞተሪኖውን አሽከርክሩ። ብልጭ ድርግም ካለች ፑንቲናው እየከፈተ እየዘጋ ነው። ሳትቋረጥ ከበራች ፑንቲናው አይገናኝም፤ ቆሽሿል ወይም ክፍተቱ ሰፍቷል። ጭራሽ ካልበራች ወይ ፑንቲናው አይከፈትም፣ ወይ ኮንደንሰሩ ውስጡ ተነካክቷል፣ ወይ የቦቢናው ሽቦ ተበጥሷል። የኮንደንሰሩን ሽቦ ብቻ አላቅቃችሁ ደግማችሁ ሞክሩ። አሁን ብልጭ ካለች በደለኛው ተገኘ።

ክፍተቱን ስታስተካክሉ ፑንቲናው ሙሉ በሙሉ የተከፈተበት ቦታ ላይ መሆን አለበት። እዚያ ለማምጣት ቁልፉን ዘግታችሁ፣ አራተኛ ማርሽ አስገብታችሁ መኪናውን ቀስ እያላችሁ ግፉ። ዳገት ላይ ከሆናችሁ ግን ይህን አትሞክሩ። ጎማውን በድንጋይ ደግፋችሁ ሞተሪኖውን በትንሽ በትንሹ ነካ ነካ አድርጉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ስትሠሩ ቁልፉን ክፍት አድርጋችሁ አትርሱ። ፑንቲናው ተዘግቶ ከቆመ ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ ይፈሳል፣ ቦቢናው ይጋገራል፣ ባትሪውም ይደክማል። አንድ ብልሽት ይዛችሁ ቆማችሁ ሁለት ታደርጉታላችሁ።

የእኔ መኪና ፑንቲና ከሌላትስ?

ከ1970ዎቹ እና 80ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) ወዲህ ብዙ ፋብሪካዎች ፑንቲናውን ትተው በኤሌክትሮኒክ ማቋረጫ ተክተዋል። ዲስትሪቡተሩ፣ ሮተሩ፣ ክዳኑና ቦቢናው ግን አሉ። ማቋረጫው አይላላም፣ ክፍተት አይፈልግም፣ ሲበላሽ ግን የሚሞረድና የሚጠረግ ነገር የለውም። መለዋወጫችሁ እሱ ራሱ ነው፤ ውድ ስለሆነ ደህና ያገለገለ ፈልጉ። እዚህ መኪና ላይ ገመዱን ከብረት በጣም አርቃችሁ እሳት አትፈትሹ። ብልጭታው መውጫ ሲያጣ ማቋረጫውን ሊያቃጥለው ይችላል።

ወደ ጊቤው ዳገት ልመለስ፤ ያን ቀን አምፖሏ በፑንቲናው በኩል አልበራ አለች። የኮንደንሰሩን ሽቦ ሳላቅቅ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። አሮጌዋን ከጣሳው አውጥቼ ገጠምኩ። ረዳቱ ቁልፉን አዞረልኝ፣ ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሳ። አይሱዙው ጥሩምባ ነፍቶልኝ አለፈ። ሰርቦ ስደርስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነበር። በማግስቱ ጅማ መርካቶ ወርጄ አዲስ ኮንደንሰር ገዛሁና መኪናዋ ላይ ገጠምኩት። ከአበልቲ ዳገት ያወጣችኝን አሮጌዋን በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ጣሳዋ መለስኳት።